በ40 ጣቶቼ ይጨነቃሉ፣ በ42 ተረከዜ ይወልቃል፤ ልኬ የቱ ነው?

የማለዳ እርምጃ

ሰላም ለሁላችሁም። ጉዳዩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አድክሞኛል። በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ፤ በቀሩት ቀናት በእግሬ እሄዳለሁ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት አምስት የስፖርት ጫማ ገዝቻለሁ፤ አንዱም ልክ አልሆነኝም።

ቁጥሬ 40 ነው። በ40 ስሮጥ ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ትንሿ ጣቴ ከጎን ትላጣለች፤ ከአውራ ጣቴ ቀጥሎ ያለችው ደግሞ የጫማውን ጫፍ እየመታች ጥፍሯ ጠቆረ። ባለፈው ወር ካልሲዬን ሳወልቅ ጥፍሩ ከካልሲው ጋር አብሮ ወጣ። ሕመሙ ያን ያህል አልነበረም። ያስለቀሰኝ ጫማው ከተገዛ ገና ሦስት ሳምንት አለመሙላቱ ነው።

ከዚያ 42 ገዛሁ። ጣቶቼ እፎይ አሉ፤ ነገር ግን ተረከዜ በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ዝቅ እያለ ከኋላ በኩል ውሃ ቋጠረ። እንዳይወልቅ ብዬ ክሩን ሳጠብቀው የእግሬ ጀርባ ይደነዝዛል። የገባሁበት ሱቅ ሁሉ «እግርሽ ለየት ያለ ነው» ይለኛል። እውነት ጥፋቱ የእግሬ ነው? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ታጋሽ

እህቴ፣ አዲስ ጫማ መጀመሪያ ላይ መቆንጠጡ ያለ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ቻይው፤ ከእግርሽ ጋር ይላመዳል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነው የማደርገው።

የሱቁ ሰው

18 ዓመት የስፖርት ጫማ ሸጫለሁና ከታጋሽ ምክር ልጀምር። ወንድሜ፣ ያልከው ለቆዳ ጫማ እውነት ነው። ቆዳ በሙቀትና በላብ ይለሰልሳል፣ ይሳባል፣ የእግርን መልክ ይይዛል። የሩጫ ጫማ ላይኛው ክፍል ግን በአብዛኛው ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ነው፤ እንዳይሳብ ሆኖ ነው የሚሸመነው። ከእግር በታች ያለው ስፖንጅ ትንሽ ይረግብ ይሆናል፤ ርዝመቱና የጣት ቦታው ግን አይጨምርም። የሩጫ ጫማ ሱቅ ውስጥ ካልተመቸ ሜዳ ላይ አይመችም። በዚህ «ይለመዳል» በሚለው ቃል የተነሳ ስንት የደማ ጣት እንዳየሁ ብነግርህ ያሳዝንሃል።

አሁን ወደ አንቺ እህቴ። «ቁጥሬ 40 ነው» ብለሻል። ይህን ቁጥር ማን ሰጠሽ? እግርሽ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ ነው? ሁለቱም እግሮችሽ ተለክተዋል? ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ? ጠዋት ነው ማታ?

የምጠይቅሽ ቁጥር የእግር ስም ስላልሆነ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከአንድ ቁጥር ወደሚቀጥለው ያለው ልዩነት የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ አቆጣጠር ደግሞ የኢንች አንድ ሦስተኛ፣ ወደ 8.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱ ሲመነዘሩ በትክክል አይገጥሙም፤ ፋብሪካው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያጠጋጋዋል። በዚያ ላይ የአውሮፓው ቁጥር የሚለካው እግርሽን ሳይሆን ጫማው የተሠራበትን የእግር አምሳያ፣ ፎርማውን ነው። 40 የሚል ጫማ 26.7 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ፎርማ ላይ የተወጠረ ነው ማለት ነው። እግርሽ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ካላወቅሽ 40 የሚለው ቁጥር ምንም አይነግርሽም።

እባክሽ ዛሬ ማታ ለኪው። ቀኑን ሙሉ ስትቆሚና ስትሄጂ እግርሽ ያብጣል፤ ስትሮጪም ያብጣል፤ ስለዚህ የማታው እግር ለሩጫው እግር ይቀርባል። የምትሮጪበትን ካልሲ አድርጊ። ወረቀት ግድግዳ አስጠግተሽ መሬት ላይ አንጥፊ፤ ተረከዝሽን ግድግዳው ላይ አስደግፊና ክብደትሽን ጥለሽበት ቁሚ። እርሳሱን ሌላ ሰው ይያዝልሽ፤ ራስሽ ጎንበስ ካልሽ የእግርሽ አቀማመጥ ይለወጣል። እርሳሱ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ወደ ውስጥ ካዘመመ እግርሽ ሳያንስ ያንሳል። ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣትሽ ጫፍ ለኪ። ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ ያንቺ ሁለተኛዋ ትመስለኛለች፤ ጥፍሯ የወጣው እሷ ናትና። ከዚያ ከአውራ ጣት ሥር ካለው ጉብታ እስከ ትንሿ ጣት ሥር ድረስ ወርዱን ለኪ። ሁለቱንም እግር።

የማለዳ እርምጃ

ለጥያቄዎቹ መልስ ስፈልግ ደነገጥኩ። እግሬ የተለካው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ ያኔ 40 ተባልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ። አንድም ቀን ደግሜ ልለካ አላሰብኩም።

አሁን ባለቤቴ ለካልኝ። ግራ 25.8፣ ቀኝ 26.3 ሴንቲ ሜትር። ወርዱ ሁለቱም 10.5። እንዳልከውም ረጅሟ ሁለተኛዋ ጣቴ ናት።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ ሞከርኩ። የ40ውን ጫማ የውስጥ ሶል አውጥቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩና ቆምኩበት። ትንሿ ጣቴ ግማሽ በግማሽ ከሶሉ ውጭ፣ መሬት ላይ ናት። በአውራ ጣቴ በኩልም ቆዳዬ ጠርዙን አልፎ ወርዷል። ከፊት የቀረው ቦታ የእርሳስ ውፍረት እንኳ አይሞላም። ሁለት ዓመት እግሬን ምን ውስጥ ስከተው እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ።

የመገጣጠሚያ ባለሙያ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እህቴ፣ በእርግዝና ጊዜ የሰውነት ክብደት ይጨምራል፤ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዙት ጅማቶችም ይላላሉ። የውስጥ እግር ቅስት ትንሽ ዝቅ ሲል እግሩ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ይዘረጋል፤ በብዙ ሴቶች ላይ ከወሊድ በኋላም ወደ ቀድሞው አይመለስም። ዕድሜም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ «ቁጥሬ ይህ ነው» የሚለውን ነገር ማንም ሰው፣ ወንድም ሴትም፣ በየዓመቱ ቢፈትሸው ጥሩ ነው።

የግራና የቀኝሽ ልዩነት ግማሽ ሴንቲ ሜትር መሆኑ አያስጨንቅሽ፤ የአብዛኛው ሰው እግር እኩል አይደለም። ጫማ የሚገዛው ለትልቁ ነው። ለትንሹ በክር አስተሳሰር ወይም በቀጭን የውስጥ ሶል ማካካስ ይቻላል፤ ለትልቁ ግን ቦታ መፍጠር አይቻልም።

የሱቁ ሰው

እህቴ፣ ሁለቱ ልጆችሽ ይደጉልሽ። ችግርሽ አሁን ቁልጭ ብሎ ታየ፤ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ትልቁ እግርሽ 26.3 ነው። ለሩጫ ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የእጅሽን አውራ ጣት ጥፍር ወርድ ያህል፣ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ እግር በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ ፊት ይንሸራተታልና። ያ 27.3 ይሆናል። የ41 ፎርማ 27.3 ነው። የ40ው 26.7 ስለሆነ የቀረሽ አራት ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። ጥፍርሽን የነቀለው ይህ ነው።

ታዲያ በ41 ለምን አልሞከርሽም? ምናልባት ሞክረሽ ከጎን ስለጠበበሽ 42 ሰጥተውሽ ይሆናል። ሻጮች በብዛት የምንሠራው ስህተት ይህ ነው፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሰው ላይ ሠርቼዋለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። እግር ከጎን ሲጠብበው ርዝመት እንጨምርለታለን። ቁጥር ሲያድግ ወርዱም ጥቂት ስለሚሰፋ ጣቶች ያርፋሉ፤ ነገር ግን ተረከዙም ይሰፋል፣ ጫማው የሚታጠፍበት ቦታም ወደ ፊት ይሸሻል። ጫማው አንድ ቦታ ይታጠፋል፣ እግርሽ ሌላ ቦታ። ተረከዝሽ የወለቀው ለዚህ ነው።

ቻርልስ ብራኖክ የሚባል አሜሪካዊ በ1920ዎቹ የሠራው የብረት መለኪያ ዛሬም በብዙ ጫማ ቤቶች አለ። ያ መለኪያ አንድ ሳይሆን ሦስት ነገር ይለካል፦ ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት ሥር፣ እና ወርድ። መካከለኛውን የሚያይ ሻጭ ግን ጥቂት ነው። የጫማው መታጠፊያ ከአውራ ጣትሽ ሥር ካለው መገጣጠሚያ ጋር ካልገጠመ ርዝመቱ ልክ ቢሆንም ጫማው ይጎረብጥሻል።

ያንቺ መፍትሔ ርዝመት አይደለም፤ ወርድ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች አንዱን ቁጥር በተለያየ ወርድ ይሠራሉ፤ ኒው ባላንስ በዚህ የታወቀ ነው። በአሜሪካ አጻጻፍ የሴት መደበኛ ወርድ ቢ፣ የወንድ መደበኛ ወርድ ዲ ነው። ለሴት ዲ ማለት ሰፊ ነው፤ ለወንድ ሰፊው 2ኢ፣ በጣም ሰፊው 4ኢ ይባላል። ፊደሉ በሳጥኑ ላይ ወይም በምላሱ ውስጠኛ ክፍል ይጻፋል። በሴቶቹ መደርደሪያ ሰፊ ካላገኘሽ ወደ ወንዶቹ መደርደሪያ ሂጂ። የወንድ መደበኛ ጫማ በተመሳሳይ ርዝመት ከሴቷ መደበኛ ይሰፋል። ይህን ስነግራቸው የሚያፍሩ ደንበኞች ነበሩኝ፤ አድርገውት ሁለት እርምጃ ሲራመዱ ግን ፊታቸው ይፈታ ነበር።

ቆዳና መርፌ

ጫማ ሰፊ ነኝ፤ የሱቁ ሰው ስለ ፎርማ ያነሳውን ትንሽ ላስፋው። ፎርማ ማለት ጫማው የሚወጠርበት፣ ከእንጨት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ የእግር አምሳያ ነው። ጫማ የሚመስለው ያንን እንጂ እግርን አይደለም። የአንዱ ፋብሪካ ፎርማ ከፊት ሾጠጥ ያለ ነው፤ የሌላው እንደ እጅ መዳፍ ገለጥ ያለ ነው። አንዱ ተረከዙን ያጠበዋል፣ ሌላው ያሰፋዋል። ሁለቱም ላይ 41 ተጽፎ ታገኚዋለሽ። አንዱ ፋብሪካ ራሱ ለተለያዩ ሞዴሎች የተለያየ ፎርማ ይጠቀማል፤ ባለፈው ዓመት የተመቸሽ ሞዴል ዘንድሮ በአዲስ ስሪት ሲመጣ ፎርማው ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የዚህ ፋብሪካ ጫማ ይስማማኛል» ብሎ ሳይሞክሩ መግዛት ልክ አይደለም።

እጅሽን ወደ ጫማው ውስጥ ማስገባት አትርሺ። በጣቶችሽ ጫፍ ዙሪያውን ዳብሺ፤ የስፌት ጉብታ፣ የደረቀ ማጣበቂያ፣ የታጠፈ ጨርቅ ካለ እጅ ከእግር ቀድሞ ያገኘዋል። ጫማውን ጫፉንና ተረከዙን ይዘሽ እጠፊው፤ ከጣቶች ሥር መታጠፍ አለበት፣ መሐል ላይ ከታጠፈ ተይው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላው እዪው፤ ሁለቱም ተረከዞች ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። አንዱ ያዘመመ ከሆነ ሌላ ጥንድ ጠይቂ፤ ከአንድ ሳጥን የወጣ ሁሉ እኩል አይደለም።

ረጅም መንገድ

ማራቶን እሮጣለሁ። ስለ ተረከዝ መውለቅ አንድ ነገር ላሳይሽ፤ እኔን ከብዙ ውሃ የቋጠረ ተረከዝ አድኖኛል።

ጫማሽን ተመልከቺ። ከላይ፣ ከመጨረሻው የክር ቀዳዳ ትንሽ ወደ ኋላ ፈንጠር ብላ ብዙ ሰው ክር የማያስገባባት አንዲት ትርፍ ቀዳዳ አለች። ሥራ አላት። ክሩን እንደተለመደው አስሪና ከትርፏ በፊት ባለው ቀዳዳ ካወጣሽው በኋላ ሳታሻግሪ፣ በዚያው ጎን፣ ከውጭ ወደ ውስጥ በትርፏ ቀዳዳ አስገቢው። ሙሉ በሙሉ አትሳቢው፤ ጣት የምታስገባ ቀለበት ተዪ። በሌላው ጎንም እንዲሁ። ከዚያ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው ቀለበት አሾልኪና ወደ ታች ሳቢ። ቀለበቶቹ ቁርጭምጭሚትሽን አቅፈው ተረከዝሽን ወደ ኋላ ሲያስቀምጡት ይሰማሻል። አሁን እንደወትሮው ቋጥሪ። የታችኛውን ክር ማጥበቅ አያስፈልግሽም፤ የእግርሽ ጀርባ የደነዘዘው እዚያ ስላጠበቅሽው ነው። የሚጫንሽ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ክሩን አታቆላልፊው፤ በየጎኑ ቀጥታ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ አሳልፊው።

ከማሰርሽ በፊት ተረከዝሽን መሬት ላይ መታ መታ አድርጊና ወደ ኋላ አስገቢው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ከጣቶችሽ ፊት የሚቀረውን ቦታ ትወስናለች።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሪ ደግሞ ቆመሽ ብቻ አትመልከቺው። ሩጪ። ደረጃ ካለ ውረጂ፤ ወይም ተዳፋት ላይ ቁሚ። ጣትሽ ቁልቁለት ላይ ጫፉን ከነካ ረጅም መንገድ ላይ ጥፍርሽን ይነቅለዋል።

አበበ ቢቂላን ሁላችንም እናነሳዋለን። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ያገኛቸው ጫማዎች ስላልተመቹት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ገባ፤ ሁለቱንም ጊዜ የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር። ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያነሳው ጫማ አያስፈልግም ለማለት ነው። እኔ የምረዳው በሌላ መንገድ ነው፤ በሕይወቱ ትልቁ ውድድር ዋዜማ እንኳ ያልተመቸውን ጫማ አድርጎ አልሮጠም።

አዲስ ሯጭ

እግሬ ጠፍጣፋ ነው፤ እግሬን አርጥቤ ወረቀት ላይ ስረግጥ ሙሉው ይታተማል። «ለጠፍጣፋ እግር» የሚባለውን ጠንካራ ጫማ መግዛት ግዴታዬ ነው? ወፍራም ሶል ያለውስ ይሻላል?

የመገጣጠሚያ ባለሙያ

ግዴታ አይደለም። የርጥብ እግር ምርመራ የሚያሳየው ቆመህ ያለህን ቅርጽ ነው፤ ስትሮጥ እግርህ ምን እንደሚያደርግ አይነግርህም። በአሜሪካ ጦር ምልምሎች ላይ በተደረጉ ሰፊ ጥናቶች፣ አንዱ ወገን በእግሩ ቅስት ቅርጽ የተመረጠለት ጫማ፣ ሌላው ወገን ቅርጹ ሳይታይ ሁሉም አንድ ዓይነት ጫማ ተሰጣቸው። በጉዳት መጠን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም።

በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ቤኖ ኒግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረቡት ሐሳብ ለእኔ ሥራ ብዙ ጠቅሞኛል። ሰው የሚመቸውን ጫማ ሲመርጥ ሰውነቱ ለመገጣጠሚያዎቹ የሚስማማውን እንቅስቃሴ እየመረጠ ነው ይላሉ። ስለዚህ ታካሚዎቼን አራት አምስት ጫማ ተራ በተራ እንዲሞክሩ፣ በአንድ እግራቸው አንዱን በሌላው ሌላውን አድርገው እንዲያወዳድሩ አደርጋለሁ፤ ስሙንና ቀለሙን ሳያዩ የቀረውን የመምረጥ ሥራ ለእግራቸው ይተዉታል። ሕመም ካለህ፣ በተለይ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ተረከዝህን የሚወጋህ ከሆነ፣ ያ የጫማ ጥያቄ ብቻ ስላልሆነ ታየው።

ስለ ወፍራም ሶል፦ ውፍረትና ምቾት አንድ አይደሉም። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለጎዳና ውድድር የሶል ውፍረትን ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ የወሰነው ስለ ፍጥነት ነው፤ ስለ አንተ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት አይደለም። ወፍራምና ለስላሳ ሶል አድርገህ በአንድ እግርህ ለግማሽ ደቂቃ ቁም። ቁርጭምጭሚትህ ወዲያና ወዲህ እየዋለለ ሚዛንህን ለመጠበቅ ከታገልክ፣ ለስላሳነቱ አያታልልህ።

የሜዳ ሰው

አንድ ነገር ልጨምር። ቴኒስ ወይም ቅርጫት ኳስ የምትጫወቱ ሰዎች በሩጫ ጫማ አትግቡ። የሩጫ ጫማ የተሠራው ወደ ፊት ለሚሄድ እግር ነው፤ ወደ ጎን በድንገት ስትዞሩ ከፍ ያለው ስፖንጅ ያጋድላል። ቁርጭምጭሚቴ የዞረው እንዲህ ነው፤ ስድስት ሳምንት ተኛሁ።

አዛውንቱ ተጓዥ

ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። እኔ 67 ዓመቴ ነው፤ ስኳር ሕመም አለብኝ፤ ሐኪሜ በየቀኑ እንድሄድ አዝዞኛል። «የተመቸህን ምረጥ» ትላላችሁ። እኔን ሁሉም ይመቸኛል። ባለፈው ጊዜ አንድ ሰዓት ሙሉ ሄጄ ቤት ስገባ ካልሲዬ በደም ርሶ አገኘሁት፤ ጫማው ውስጥ አንዲት ትንሽ ጠጠር ነበረች። አልተሰማኝም። እንዲህ ላለው ሰው ምን ትላላችሁ?

የመገጣጠሚያ ባለሙያ

አባቴ፣ ይህን ስለጻፉልን እግዜር ይስጥልን፤ እኔ ቀድሜ ማንሳት ነበረብኝ። ስኳር የእግር ነርቭ ሲጎዳ እግር መጥበቡንም መፋቁንም አይናገርም። ለእርስዎ ምቾት ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ ዳኛው ዓይንና እጅ ነው።

ጫማ ከማድረግዎ በፊት ሁልጊዜ እጅዎን ወደ ውስጥ ያስገቡና ይዳብሱ፤ ገልብጠውም ያራግፉት። ሲገዙ ጫማው በእግርዎ የወረቀት ንድፍ ላይ ሲቀመጥ ንድፉን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት። አዲሱን መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ያድርጉት፤ አውልቀው እግርዎን ይመልከቱ፤ የቀላ ቦታ ካለ ያ ጫማ ለእርስዎ አይሆንም። ካልሲዎ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቀለም ይሁን፤ ደም ወይም ፈሳሽ ቶሎ ይታያል። በየማታው ውስጥ እግርዎን ይዩ፤ ጎንበስ ማለት ካስቸገረዎ መስታወት መሬት ላይ ያስቀምጡ ወይም ከቤት ሰው ይይልዎ። ያችን የቆሰለችውን ቦታ ለሐኪምዎ አሳይተዋል? ካላሳዩ ነገ ዛሬ ሳይሉ ይሂዱ፤ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም።

አዛውንቱ ተጓዥ

አላሳየሁም። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ተባረኩ።

የማለዳ እርምጃ

አባባ፣ እባክዎ ሐኪሙ ያለዎትን እዚህ ይጻፉልን። ልባችን ከእርስዎ ጋር ነው።

ታጋሽ

ትናንት ማታ እግሬን ለካሁ። 27.4። የማደርገው 41 ነው። የሱቁን ሰው ሒሳብ ስሠራው የእኔ እግር ከጫማዬ ፎርማ አንድ ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ሃያ ዓመት ይለመዳል ስል የኖርኩት እግሬ ጣቶቹን አጥፎ ስለተቀመጠ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ጣቴ ዛሬ ቀጥ አይሉም፤ ሁልጊዜ እንደዚያው የተፈጠሩ ይመስለኝ ነበር። እህቴ፣ በመጀመሪያ የሰጠሁሽን ምክር ተይው።

የሱቁ ሰው

ታጋሽ፣ ይህን መጻፍህ ብዙ ሰው ይረዳል። ለሩጫ ከሆነ ከ42 ተኩል ጀምረህ ወደ 43 ሞክር፤ ወርዱንም ሳትለካ አትግዛ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ የጫማው ዕድሜ። ከእግር በታች ያለው ስፖንጅ በውስጡ በጣም ትናንሽ የአየር ከረጢቶች አሉት፤ በየእርምጃው እየተጨመቁ ቀስ በቀስ ይደቃሉ። አብዛኛው የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ያገለግላል ይባላል፤ ከባድ ሰው ከሆነ ቶሎ፣ ቀላል ከሆነ ዘግይቶ። ከታች ያለው ጎማ ገና አዲስ ሊመስል ይችላል፤ አያታልላችሁ። የስፖንጁን ጎን እዩ፤ ጥልቅ የተሸበሸበ መስመር ካወጣና በአውራ ጣት ሲጫኑት ካልመለሰ ጫማው አልቋል። ያለ ሌላ ምክንያት ጉልበት ወይም ቅልጥም ማመም ከጀመረም ጫማውን መጠርጠር ነው። ሲርስ ምድጃ ወይም ማሞቂያ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ስፖንጁም ይደርቃል። የውስጥ ሶሉን አውጥታችሁ ጋዜጣ ጠቅጥቁበትና ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

ቆዳና መርፌ

ክሩን ሳይፈቱ ተረከዙን ረግጠው የሚያወልቁትም ሰዎች እባካችሁ ተዉ። ከኋላ ያለው ጠንካራው ክፍል አንዴ ከተሰበረ አንጠግነውም።

የማለዳ እርምጃ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ።

ማታ ላይ፣ የሩጫ ካልሲዬንና የእግሬን ንድፍ በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። በሴቶቹ መደርደሪያ ሰፊ ወርድ አልነበረም። ወደ ወንዶቹ ሄድኩና ዲ የተጻፈበት 41 ጠየቅሁ። አራት ሞዴል አመጡልኝ። ሁለቱን የውስጥ ሶላቸውን አውጥቼ ቆሜባቸው ወዲያው መለስኳቸው፤ ትንሿ ጣቴ አሁንም ጠርዝ ላይ ነበረች። ሦስተኛው ሰፋ፤ ግን የሚታጠፍበት ቦታ ከእግሬ ጋር አልገጠመም። አራተኛውን ሳደርገው ምንም አልተሰማኝም። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ጫማ ያደረግሁ አልመሰለኝም። የረጅም መንገድን አስተሳሰር አሰርኩ፤ ደረጃ ወረድኩ፤ በመደብሩ ኮሪደር ወዲያና ወዲህ ሮጥኩ። ሻጩ በትዕግሥት ጠበቀኝ፤ ከልብ አመሰግነዋለሁ።

እስካሁን 60 ኪሎ ሜትር ሮጥኩበት። ውሃ የቋጠረ ቦታ የለም። የጠፋችው ጥፍር ከሥር አዲስ እየወጣች ነው፤ ገና ቀጭን ናት፤ ግን ንጹሕ ነጭ ናት።

አባባ ከአሥር ቀን በፊት በውስጥ መልእክት ጽፈውልኝ ነበር፤ ቁስሉ ታጥቦ እየዳነ መሆኑን ለሁላችሁ እንድነግር አደራ ብለውኛል።

የሱቁ ሰው

ደስ አሰኘሽን። የጀመርሽበትን ቀን በምላሱ ውስጥ በእስክሪብቶ ጻፊበት፤ ሲያልቅ ታውቂያለሽ። ልጆችሽንስ ለክተሻል? የሕፃን እግር በጥቂት ወራት ይለወጣል፤ እነሱም ጠበበኝ አይሉም፤ ጣታቸውን አጥፈው ይሮጣሉ።

የማለዳ እርምጃ

አልለካሁም ነበር። መልእክትህን እንዳነበብኩ ሁለቱንም ግድግዳ ላይ አቆምኳቸው። ትንሹ ልክ ነው። የትልቋ እግር 21.1 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ የጫማዋን የውስጥ ሶል አውጥቼ ስለካው 21.3 ነው። «ጣትሽ ጫፉን ይነካል?» ስላት «ሁሉም ጫማ እንደዚያ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ነገ ማታ ንድፏን ይዘን እንሄዳለን።